ያልበሉት ስኳር ከየት ይመጣል? የተቆራረጠ እንቅልፍ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ሜታቦሊዝም ላይ የሚያሳድረው ጫና

ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ አንዲት እናትን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሽንት ቀስቅሷቸው ይነሳሉ፤ ተመልሰው ጋደም ቢሉም ዓይናቸው አልከደን ብሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ይገላበጣሉ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሽንቱ ዳግመኛ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይዞርም። ነግቶ ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን ሲለኩ፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት 130 የነበረው ቁጥር 158 ሆኖ ያገኙታል። ሌሊቱን ከውሃ በቀር የቀመሱት ነገር የለም። «ያልበላሁት ስኳር ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ ግን «ምናልባት የማይገባ ነገር በልተው ይሆናል» የሚል ጥርጣሬ ነው፤ ስለ እንቅልፋቸው ሲያነሱ ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባላሉ።

ሁለቱም መልሶች እኒህን እናት የሚበድሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ባላጠፉት ጥፋት ይወቅሳቸዋል፤ ሁለተኛው ሊታከም የሚችለውን ነገር የማይቀር ዕዳ አድርጎ ያሸክማቸዋል። ጥያቄያቸው ትክክለኛ መልስ አለው፤ መልሱን ለመረዳት ግን ሰውነት ሌሊቱን ስኳርን እንዴት እንደሚያስተዳድርና እንቅልፍ በዚህ አስተዳደር ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል።

ሜታቦሊዝም የምንለው ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት፣ የተረፈውን የሚያከማችበትና በሚያስፈልግ ጊዜ ከክምችቱ የሚያወጣበት የሥራ ሂደት ሁሉ ነው። ይህ ሂደት ጤናማ መሆኑን ሐኪሞች በዋናነት በአምስት ነገሮች ይመዝኑታል፤ እነርሱም የደም ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ፣ ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤች ዲ ኤል፣ የደም ግፊት እና የወገብ ዙሪያ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ከተዛቡ ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል፤ ይህም የስኳር በሽታንና የልብ ሕመምን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ እንቅልፍ የማይነካው የለም፤ ከሁሉ ይልቅ በደንብ የተጠናው ግን በስኳር ላይ ያለው ተጽዕኖ ስለሆነ ይህ ማብራሪያም በዚያው ላይ ያተኩራል።

የተኛ ሰው ሰውነት ሥራ አልፈታም። አንጎል ሌሊቱን ሁሉ ስኳር ይፈልጋል፤ ከእራት የተገኘው ስኳር ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ ስለሚያልቅ ይህን ፍላጎት የሚሸፍነው ጉበት ነው። ጉበት ቀን ያከማቸውን ስኳር ሌሊት ቀስ እያለ ወደ ደም ይለቃል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ከሌሎች ንጥረ ነገሮች አዲስ ስኳር ይሠራል። ይህ ልቀት ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲበቃና ሲሰማ ጉበት ረጋ ይላል፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ትእዛዙ በሚገባ ሳይሰማ ሲቀር ጉበት ማቆም ባለበት ጊዜ ሳያቆም መልቀቁን ይቀጥላል። እንግዲህ ያልተበላው የማለዳ ስኳር ከዚያ፣ ከገዛ ጉበታቸው የመጣ ነው።

በዚህ ላይ ንጋት ሲቃረብ ኮርቲሶልና ሌሎች ሆርሞኖች በተፈጥሮ ከፍ ይላሉ፤ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ስኳርን ወደ ደም ይገፋሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ጥቂት ተጨማሪ ኢንሱሊን በማመንጨት ይህን ጭማሪ ያስተካክለዋል። ቆሽቱ የደከመ ወይም ሕዋሳቱ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ የቀነሰ ሰው ግን በባዶ ሆዱ ሲለካ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል። በርግጥ አንድ ማለዳ ላይ የታየ ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ ከእንቅልፍ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ዘግይቶ የተበላ እራት፣ የተረሳ መድኃኒት ወይም የጀማመረ ኢንፌክሽንም ያንኑ ያደርጋል። እንቅልፍ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ሰው ያጣው ነው።

ጥልቁ እንቅልፍ ሲሳሳ

እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ አይደለም። ቀላል እንቅልፍ፣ ጥልቅ እንቅልፍና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ወደ 90 ደቂቃ በሚጠጋ ዙር እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ጥልቁ እንቅልፍ አብዛኛውን የሚገኘው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የአንጎል ሞገድ ረጅምና ዝግ ይላል፣ የልብ ምት ይረጋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የእድገት ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፣ አንጎልም የሚጠቀመው ስኳር ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ቀን ከነበረበት ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ማለት አለበት፤ ሌሊቱን ሲባንን የሚያድር ሰው ይህን እፎይታ በከፊል ያጣል።

ዕድሜ በመጀመሪያ የሚሸረሽረው ይህንኑ ጥልቅ እንቅልፍ ነው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 83 ዓመት በሆነ 149 ጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገና በ2000 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በወጣትነት ከጠቅላላው እንቅልፍ 19 በመቶ ያህሉ ጥልቅ እንቅልፍ ነበር፤ በጎልማሳነት ወደ 3.4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የእድገት ሆርሞንም አብሮት ወረደ። ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ በየአሥር ዓመቱ የእንቅልፍ ጊዜ ወደ ግማሽ ሰዓት በሚጠጋ መጠን ሲያጥር፣ ሌሊት ነቅቶ የሚያሳልፉት ጊዜ በዚያው ልክ ረዘመ፤ ማታ ዝቅ ማለት ያለበት ኮርቲሶልም ከፍ እያለ ሄደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሽማግሌ ሲሆኑ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ስለሆነ፣ ሲያረጁ እንቅልፍ አያስፈልግም ተብሎ ይታመናል። የእንቅልፍ ባለሙያዎች ለጎልማሶች ከ7 እስከ 9 ሰዓት ሲመክሩ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት የሚመክሩት ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ጣሪያ ላይ የተቀነሰች አንዲት ሰዓት ብቻ ናት። በዕድሜ የሚደክመው በዋናነት እንቅልፍን ሳያቋርጡ ይዞ የመቆየት አቅም ነው፤ ፍላጎቱ በዚያው ልክ አይጠፋም።

ሳይነቁ እንቅልፍን መስረቅ

እንቅልፍ ማጣትና ስኳር በቀጥታ መያያዛቸውን በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ1999 የታተመው ነው። 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ6 ሌሊት አልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ስኳር በደም ሥራቸው ተሰጥቷቸው ሲለካ፣ ሰውነታቸው ስኳሩን ከደም የሚያነሳበት ፍጥነት በደንብ ተኝተው ካገገሙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ የማታ ኮርቲሶላቸውም ከፍ ብሎ ነበር። ወጣትና ጤነኛ የነበሩት ሰዎች ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው መስለው ታዩ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2008 የታተመው ሌላው ሙከራ ግን ለእኛ ጉዳይ የበለጠ ይቀርባል፤ በእኔ ግምት በዕድሜ የገፋን ሰው ሌሊት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መስኮት የለም። ተመራማሪዎቹ 9 ጤነኛ ወጣቶችን አስተኝተው የአንጎላቸውን ሞገድ ይከታተሉ ነበር። ሞገዱ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ መግባት ሲጀምር ከአልጋው አጠገብ ድምፅ ያሰማሉ፤ ድምፁ የሚመጠነው ተኚውን ከጥልቁ ወደ ቀላሉ እንቅልፍ እንዲመልሰው፣ ነገር ግን እንዳያነቃው ተደርጎ ነው። ለሦስት ተከታታይ ሌሊት እንዲህ ተደረገ። ወጣቶቹ የተኙበት ጠቅላላ ሰዓት አልቀነሰም፤ ጥልቅ እንቅልፋቸው ግን 90 በመቶ ያህል ጠፋ። በሦስተኛው ሌሊት ማግስት ሲመረመሩ ሕዋሶቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ 25 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ቆሽታቸውም ጉድለቱን ለማካካስ በቂ ኢንሱሊን አልጨመረም። ተመራማሪዎቹ እንዳመለከቱት፣ ከእነዚህ ወጣቶች በሦስት ሌሊት የተወሰደባቸው ጥልቅ እንቅልፍ ሰው በተፈጥሮ በአርባ ዓመት ውስጥ የሚያጣውን ያህል ነው።

ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ትልቁ ቁም ነገር የሰዓት ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። አንድ አዛውንት «ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ነበርኩ» ሊሉ ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አልጋ ላይ የቆዩበት ሰዓት ግን እንቅልፉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠና ወደ ጥልቁ ደርሶ እንደሆነ አይናገርም። ይህ በብዙ ሰዎች ላይ በተደረጉ ክትትሎችም ይደገፋል። በ2010 የታተመ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተሉ አሥር ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ፣ አጭር እንቅልፍ የሚተኙ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ28 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ እንቅልፍ አልጸና ብሏቸው ሌሊት የሚባንኑት ግን 84 በመቶ ነበር። በዚሁ ትንታኔ ከልክ በላይ ረጅም የሚተኙ ሰዎችም ከፍ ያለ ስጋት ታይቶባቸዋል፤ ይህ ግን ረጅሙ እንቅልፍ ራሱ በሽታ ስላመጣ ሳይሆን ሳይታወቅ የተጀመረ ሕመም ሰውን አልጋ ላይ ስለሚያቆይ ሊሆን ይችላል። ክትትል አብሮ መሄዱን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ነው ከላይ የተጠቀሱት ሙከራዎች ክብደት የሚኖራቸው።

ታዲያ እንቅልፍ የኢንሱሊንን ሥራ በምን መንገድ ያደናቅፋል? በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። የተረበሸ እንቅልፍ ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጀውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃቃል፤ አድሬናሊንና መሰሎቹ ጉበት ስኳር እንዲለቅ፣ የስብ ሕዋሳትም ስብ ወደ ደም እንዲለቁ ያዛሉ። በደም ውስጥ የበዛው ስብ ደግሞ ጡንቻ ስኳር እንዳይቀበል እንቅፋት ይሆናል። የስብ ሕዋሳት ራሳቸውም ይለወጣሉ፤ በ2012 በታተመ ጥናት 7 ጤነኛ ወጣቶች ለ4 ሌሊት በየሌሊቱ 4.5 ሰዓት አልጋ ላይ ከቆዩ በኋላ ከሆዳቸው የተወሰደው የስብ ሕዋስ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ በ30 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። የማታው ኮርቲሶል ሳይወርድ መቆየቱም ሌላው መንገድ ነው። የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በአማካይ አብዝቶ እንደሚበላ፣ በተለይም ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ነገር እንደሚያምረው በተደጋጋሚ ታይቷል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ከወጣቶቹ የሚለያቸው ዋናው ነገር ግን ጡንቻ ነው። ከምግብ በኋላ በኢንሱሊን ትእዛዝ ከደም የሚነሳውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው፤ ትልቁ ጎተራ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጎተራ እየጠበበ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ መጥበቡን ሊያፋጥነው እንደሚችል በ2010 የታተመ አንድ ሙከራ ያመለክታል። ክብደታቸው ከልክ በላይ የሆነ 10 ጎልማሶች ለሁለት ሳምንት የተቀነሰ ምግብ እየበሉ አንድ ጊዜ 8.5 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ 5.5 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሱት ክብደት 3 ኪሎ ገደማ ሲሆን እኩል ነበር ማለት ይቻላል። ደህና በተኙበት ጊዜ ከቀነሱት ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር፤ እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ግን የቀነሰው ስብ 0.6 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ስብ ካልሆነው የአካል ክፍል፣ ጡንቻን ጨምሮ፣ የሄደ ነው። ሐኪም «ክብደት ይቀንሱ» ያላቸው አዛውንት እየተራቡና እየባነኑ ቢያድሩ ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ይወርድላቸው ይሆናል፤ ያጡት ግን ስኳራቸውን የሚያስቀምጡበትን፣ ከወንበር የሚያነሳቸውንም ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

ስኳሩም እንቅልፉን ይነሳል

እስካሁን ያየነው የመንገዱን አንድ አቅጣጫ ነው። በመመለሻው ደግሞ ስኳር ራሱ እንቅልፍን ያባርራል። የደም ስኳር በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መያዝ ስለሚያቅተው ስኳር ወደ ሽንት ያፈሳል፤ ስኳሩ ውሃ ይዞ ስለሚወጣ ሽንት ይበዛል፣ ጥማትም ይከተላል። ለዓመታት የቆየ የስኳር በሽታ የእግር ነርቮችን ሲጎዳ ማቃጠሉና መውጋቱ የሚብሰው ሌሊት ነው። እግርን አላስቀምጥ የሚል፣ ካላወራጩት የማያስተኛ ሕመምም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴ ከብረት እጥረት ጋር ስለሚያያዝ ምርመራ ይገባዋል። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ስኳሩ ይወጣል፣ ስኳሩ የወጣ ሰው እንቅልፉ ይቋረጣል፤ ክቡ በሁለቱም ጎኖቹ ካልተያዘ መድኃኒት ብቻ እየጨመሩ መሄድ ይመጣል።

በዚህ ክብ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አንድ ሕመም አለ፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም ስሊፕ አፕኒያ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የአየር መተላለፊያው እስኪዘጋ ድረስ ይላላሉ። ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፣ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይነቃል፣ ሰውየው በኃይል ስቦ ይተነፍሳል፣ መልሶም ይተኛል። ይህ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ሕመም ይቆጠራል፤ ከ30 ጊዜ ካለፈ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታነቅ ማለት ነው። ታማሚው ጠዋት ከእነዚህ አንዱንም ላያስታውስ ይችላል፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው።

ሐኪሞችም ቤተሰቦችም ይህን ሕመም በአብዛኛው የሚጠረጥሩት በወፍራምና በኃይል በሚያንኮራፋ ወንድ ላይ ነው። በዕድሜ ሲገፉ ግን ቀጫጭን ሰዎችንም ይይዛል፤ የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ ሴቶችም በብዛት ይያዛሉ። ምልክቱም ሁልጊዜ ማንኮራፋት አይደለም፤ የማለዳ ራስ ምታት፣ ቀን መድከም፣ የማይወርድ የደም ግፊት፣ የመርሳት መባባስ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚገርመው ሌሊት ደጋግሞ መሽናትም ከዚሁ ሊመጣ መቻሉ ነው። ትንፋሽ ሲታፈን በደረት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ልብን ይለጥጣል፤ የተለጠጠ ልብ ደግሞ ኩላሊት ውሃና ጨው እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። «የፕሮስቴት ነው»፣ «የፊኛ ነው» ተብሎ ለዓመታት የኖረ የሌሊት ሽንት መነሻው ጉሮሮ ላይ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሲፓፕ የሚባለው፣ አየርን በግፊት በጭምብል የሚያስገባው መሣሪያ ይህን መታነቅ ያስቆማል፤ እንቅልፍን ያጸናል፣ የደም ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል። የደም ስኳርን በመቀነስ በኩል የተደረጉ ሙከራዎች ውጤታቸው የተለያየ ስለሆነ፣ መሣሪያው የስኳር መድኃኒትን ይተካል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሰዓቱን የሳተ ሰውነት

በአንጎል ውስጥ ከዓይን በሚመጣ ብርሃን የሚስተካከል ዋና ሰዓት አለ፤ ጉበት፣ ቆሽትና ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሕዋሳት ጊዜን እንዴት እንደሚቆጥሩ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ የሚገባው ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል፤ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ስለሚውል የሚያገኘው የቀን ብርሃን ያንሳል። ማታ ግን መብራቱና ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። ቀኑ ደብዛዛ፣ ሌሊቱ ብሩህ ሲሆን ሰዓቱ ይዋልላል።

ዕድሜያቸው ከ63 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 552 ሰዎችን የመረመረና በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ የማይበልጡት ብቻ በቀን ውስጥ ለአምስት ተከታታይ ሰዓት ሙሉ ጨለማ ያገኙ እንደነበር አሳይቷል። ሌሊት ብርሃን የነበረባቸው ሰዎች ላይ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት በብዛት ታይቷል። የመኝታ ሰዓት መዛነፍም እንዲሁ ነው፤ ከ54 እስከ 93 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 1,978 ሰዎች ያጠና የ2018 ጥናት፣ አንድ ቀን በጊዜ ሌላ ቀን ዘግይተው የሚተኙት ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ያለ የደም ስኳር፣ የደም ግፊትና ክብደት እንዳላቸው አግኝቷል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

እንቅልፍ እምቢ ሲል ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ኪኒን ነው። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ዳያዜፓምና የእርሱ ዓይነት ማስተኛ መድኃኒቶች በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለመውደቅ፣ ለአጥንት ስብራትና ለአእምሮ መደናገር ይዳርጋሉ፤ ጥልቁን እንቅልፍም መልሰው አያመጡም። ለዓመታት ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ግን በአንድ ቀን ማቋረጥ የለባቸውም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ መቀነስ አለበት። ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ቅድሚያ እንዲሰጠው የመከረው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና የሚባለውን ነው። ሕክምናው ከባለሙያ ጋር ለሳምንታት የሚካሄድ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡ አልጋ የመገላበጫ ቦታ መሆኑን እንዲያቆም ማድረግ ነው፤ ሰውየው ሲመሽ ዓይኑ እስኪከብድ ጠብቆ ይተኛል፣ እንቅልፍ ካጣ ተነስቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጣል፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢሆን ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይነሳል። ለመውደቅ የተጋለጡ ሰዎች ሌሊት መነሳቱን በጥንቃቄና ከባለሙያ ጋር ተነጋግረው ማድረግ አለባቸው።

የመድኃኒት ሰዓትም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለደም ግፊት የሚሰጥ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ያስነሳል፤ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች እንቅልፍም ይነሳሉ፣ ስኳርም ያወጣሉ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ የተጠጣው ሲመሽም አለ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል። ውሃን በቀን ጠግቦ ጠጥቶ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት መቀነስ ይሻላል፤ ሽንትን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ መጠማት ግን ለአዛውንት አደገኛ ነው። የጠዋት ፀሐይ፣ የእግር ጉዞና ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንቅልፍንም ስኳርንም በአንድ ጊዜ ይረዳሉ። ቀን ሸለብ ማለት ክፉ ልማድ አይደለም፤ ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥና ወደ ማታ ባይጠጋ ይመረጣል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ወይም ግሊቤንክላማይድን የመሰለ ቆሽትን የሚገፋ ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሌሊት ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ላብ የነከረው አንሶላ፣ ቅዠት፣ የልብ መምታት፣ ጠዋት ራስን መክበድና መደናገር የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ ከላይ ሲያዩት ተራ እንቅልፍ ማጣት ይመስላል። በዚህ ላይ ማስተኛ ኪኒን ቢጨመር ምልክቱ ይደበቃል፣ አደጋው ይብሳል። ጥርጣሬ ካለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተነስቶ መለካት ያስፈልጋል፤ ከ70 በታች ከሆነ ቶሎ የሚዋጥ ስኳር መውሰድና በማግሥቱ ለሐኪም ማሳወቅ ግድ ነው።

በመግቢያው ላይ ያየናቸው እናት ለሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ ቢያሰምሩ ጥሩ ነው። በአንዱ ዓምድ የተኙበትን፣ የነቁበትን፣ ለሽንት የተነሱበትን ሰዓትና ማታ የወሰዱትን መድኃኒት፣ በሌላው የማለዳ ስኳራቸውን ይጽፋሉ፤ አጠገባቸው የሚተኛ ሰው ካለ ስለ ማንኮራፋታቸውና ስለ ትንፋሻቸው ያየውን ይጨምርበታል። ሐኪማቸው ዘንድ ሲቀርቡ ያን ደብተር ከፍተው ቢያሳዩ፣ ውይይቱ የኪኒኑን መጠን በመጨመር ከመጀመር ይልቅ «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» ከሚለው ጥያቄ ሊጀምር ይችላል።